የሁለት ሰው እራት በአንድ እጅ

ዋርካ ሰፈር ትናንት ከሐይቁ በስተሰሜን ነበር። ዛሬ ጠዋት ትንግርት ወደቡ ላይ ስትደርስ ግን ሰፈሩ በነበረበት ቦታ ውሃ ብቻ ነው ያለው። አዲሲቱ መተሐራ እንዲህ ናት። ሐይቁ አሮጌዋን ከተማ ከነሸንኮራ እርሻዋ ከዋጣት ወዲህ ሰው የሚኖረው በተንሳፋፊ ሰፈሮች ላይ ነው፤ ሰፈሮቹም ነፋስ እንደነዳቸው ይዘዋወራሉ። ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አቅጣጫ ነጋሪውን ይጠይቃል። ትንግርት ሁልጊዜ የምትጠይቀው ከወጣች በኋላ ነው። ጆሮዋ ላይ የተሰካውን ስልክ ነካ አደረገች።

«ዋርካ ሰፈር አሁን ከምሥራቅ ዳርቻ፣ ከፍል ውሃው ፊት ለፊት ይገኛል» አለ የተረጋጋ የወንድ ድምፅ። «ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚኖር ድልድዮች ሊነሡ ይችላሉ። ጉዳይዎን ቀደም ብለው...»

አቋረጠችውና መንገድ ጀመረች።

ትንግርት የምትክ ቤተ ሙከራ መሐንዲስ ናት። ሥራዋን ታውቃለች፤ ትዕግሥት ግን የላትም። ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ መልስ ትሰጣለች፣ ምሳዋን ቆማ ትበላለች፣ አሳንሰር ከዘገየባት በደረጃ ትወርዳለች። የዛሬው ጉዳይ ደግሞ ከመዘግየትም አልፎ አፍንጫዋ ላይ ደርሷል።

ምትክ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ሰው ሠራሽ ቆሽት ነው። ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጆች ከጎድን አጥንታቸው ሥር ይቀበርላቸዋል፤ የደማቸውን ስኳር እየለካ ኢንሱሊን ይለቅላቸዋል። ነገር ግን ኢንሱሊን ከምግብ ጋር ሲሽቀዳደም ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ስኳሩ ከፍ ካለ በኋላ ቢለቀቅ አይደርስም። ስለዚህ ምትክ ልጁ መብላት መጀመሩን ከደሙ በፊት ማወቅ አለበት። ይህን የሚነግረው በቀኝ እጅ አንጓ ላይ የሚታሠር አምባር ነው። እጅ ከሳህን ወደ አፍ በተጓዘ ቁጥር አምባሩ ይቆጥራል፣ ምትክም ለእያንዳንዱ ጉዞ ድርሻውን ያንጠባጥባል። ይህ ከመጣ ወዲህ የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች የልደት ኬክ ይቆርሳሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ የሌሊት እንቅልፋቸውን ይተኛሉ። እናቶቻቸውም ይተኛሉ።

የአሥራ አንድ ዓመቷ ረድኤት ግን እራት በበላች ቁጥር ትወድቃለች። ስኳሯ ያሽቆለቁላል፣ ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ባለፈው ጊዜ ጭራሽ ራሷን ስታ በጀልባ ነው ሐኪም ቤት የደረሰችው። ምትክ ስኳር ሲወርድ ኢንሱሊኑን ያቆማል፤ አንዴ የለቀቀውን ግን መልሶ መምጠጥ አይችልም። ቤተ ሙከራው ልጅቷን አስገብቶ አከታትሎ አያት። በሳህኗ በላች፣ ምንም አልሆነች። ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ወደቀች። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር አምደብርሃን በመጨረሻ ቁርጡን ተናገሩ፦ ምክንያቱ እስከ ሰኞ ካልተገኘ ምትኩ ይወጣና ልጅቷ እንደ ድሮው በመርፌ ትኖራለች።

«እንደ ድሮው» ምን ማለት እንደሆነ ትንግርት ያየችው ዋርካ ሰፈር የረድኤት ቤት ስትገባ ነው።

የረድኤት እናት እትዬ ብዙአየሁ በር ላይ ተቀበሏት። «ግቢ ኢንጂነር። አንቱ አልልሽም እንግዲህ፣ ልጄ ትሆኛለሽ» አሉና ጉንጯን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው ሳሟት። ትንግርት መሳም አትወድም። ዝናብ እንደሚያሳልፍ ሰው ቆማ አሳለፈችው።

ረድኤት ጥርሷ ገጠጥ ያለ፣ ዓይኗ የማያርፍ፣ ቀጭን ልጅ ናት። በመስኮቱ ሥር ደግሞ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ጆሮውን በመስሚያ ደፍኖ ተቀምጦ ያወራል። «ሙዝ ሰፈር አሁን ከደሴቱ ጀርባ ይገኛል...» ትንግርት ድምፁን አወቀችው።

«አቅጣጫ ነጋሪው አንተ ነህ?»

«ዓይን ያላቸው ሰዎች ቤታቸው እንዳይጠፋቸው የተቀጠርኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺም ሳልጨርስ የምትዘጊው ነሽ። አረማመድሽ ራሱ ይዘጋል።»

ኢዮስያስ ይባላል፤ የረድኤት ታላቅ ወንድም ነው። ቀሪውን እናቱ ነገሯት። ሕመሙ ሲይዘው በረድኤት ዕድሜ ነበር፤ ምትክ ገና አልመጣም። መርፌው አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሲገኝም ሙቀት አበላሽቶት ይደርሳል። በኋላ ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ ክፍል ውስጥ ልብሱን ገልጦ ሆዱን መውጋት አፍሮ መዝለል ጀመረ። ደህና ይመስል ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ዓይኖቹ ከውስጥ ደሙ፤ መጀመሪያ የግራው፣ ቀጥሎ የቀኙ ጠፋ። ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ማንኪያ ይያዝ አይያዝ አያውቅም። አሁን እሱም ምትክ ተቀብሮለታል፣ ያለፈው ግን አልፏል።

«አሁን ደግሞ ኩላሊቱ» አሉ እትዬ ብዙአየሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጆሮዬ ይሠራል እማዬ» አለ ኢዮስያስ። ከዚያ ወደ ትንግርት ዞረ። «ማታ ማታ ስኳሬ ሰማይ ይነካል። ሐኪሜ ተደብቀህ ጣፋጭ ትበላለህ ትለኛለች። እውነቱን ንገረኝ ትላለች። እነግራታለሁ። ከዚያ እንደገና፣ እውነቱን ንገረኝ።»

ትንግርት አዘነችለት፤ ነገር ግን እሱ የአዋቂዎች ክሊኒክ ታካሚ ነው፣ እሷ የመጣችው ለልጆቹ ነው። ታብሌቷን አውጥታ የረድኤትን አምባር አገናኘች። ከራሷ አንጓ ላይም አምባር አለ፤ ምትክ የላትም፣ ለሙከራ ነው የምታደርገው፤ የሚቆጥረውን የሚልከው ለታብሌቷ ብቻ ነው። ረድኤት የወደቀችበትን ማታ መዝገብ ከፍታ አየች።

«የዚያን ዕለት እራት ምን ያህል በላሽ?»

«ትንሽ።»

«አምባሩ የቀን ሠራተኛ እራት ነው የሚለው።»

«እንግዲያው አምባሩ በልቶት ይሆናላ» አለች ረድኤት ትከሻዋን ሰብቃ።

ትንግርት አልሳቀችም። ልጆች እንደሚዋሹ ታውቃለች። አምባሩን ለጓደኛ የሚያውሱ አሉ፣ ለፍየል የሚያስሩ አሉ። ምሳ ሲቀርብ እያንዳንዷን የእጅ እንቅስቃሴ ልትከታተል ትሪው አጠገብ ተቀመጠች። ኢዮስያስ እናቱ ና ብላ ሲሉት «በልቻለሁ» አለ። ረድኤት በላች። እጇ ወደ አፏ በሄደ ቁጥር አምባሩ ቆጠረ፣ ምትኩ አንጠባጠበ፣ ስኳሯም መሄድ ባለበት መንገድ ሰተት ብሎ ሄደ። አንዲት ዝንፍ የለም። ትንግርት በንዴት ታብሌቷን ዘጋች። የተበላሸ ነገር ቢኖር ትጠግነው ነበር፤ ያልተበላሸውን ግን ምን ታደርገዋለች?

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ቤቱ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር፣ ገመዶቹ አቃሰቱ። ትንግርት ቦርሳዋን አንግታ ሳታስበው ጆሮዋ ላይ ያለውን ስልክ ነካችና መንገዱን ጠየቀች። መልሱ ከስልኩም ከመስኮቱ ሥርም አንድ ላይ መጣ።

«ድልድዮች ተነሥተዋል። ጉዳይዎን ቀደም ብለው ይጨርሱ ለማለት ሞክሬ ነበር።»

ረድኤት በሳቅ ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። እትዬ ብዙአየሁም ከንፈራቸውን ነክሰው ዞር አሉ። ትንግርት ቦርሳዋን አወረደች።

እራት የዓሣ ወጥ ነው። ትሪው መሐል ላይ ተቀመጠ። ኢዮስያስ አሁንም «በልቻለሁ» ሲል እናቱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ እንዳልዞረ፣ ሰው ፊት አልበላም እያለ ራሱን ሊገድል እንደሆነ፣ እንዲህ ስኳሩ ቢወርድ ማን እንደሚያነሣው ጠየቁት። «ደግሞ እሷ እንግዳ አይደለችም» ብለው ደመደሙ። «ነፋስ ያመጣት ቤተኛ ናት።»

ኢዮስያስ በዳበሳ መጥቶ ተቀመጠ። ፊቱን ከትንግርት ወደ ግድግዳው አዞረ። ረድኤት ከጎኑ ጠጋ አለችና ጠቅለል አድርጋ አጎረሰችው። አንዴ፣ ደግማ፣ ደግማ። በየመሐሉ ለራሷ ቆንጠር ታደርጋለች። የየዕለት ነገራቸው እንደሆነ ያስታውቃል። ትንግርት አፍጥጣ ላለማየት ዓይኗን ወደ ትሪው ሰበረች። ያኔ የእትዬ ብዙአየሁ እጅ አፏ ሥር መጣ።

«በሞቴ።»

«በልቻለሁ እትዬ፣ በቃኝ።»

«በላሽ? ወፍ እንኳ ከዚህ የተሻለ ትለቅማለች። አፈር ስሆን። እንዲህ ናት የኔ ልጅ። ይቺን ደግሞ ለድልድዩ።»

ሁለቱም እጆቿ ሥራ ፈተው ጭኗ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጉንጯ ግን ተነፍቷል። እትዬ ብዙአየሁ ከመጥገብ በላይ አጠገቧት። ከዚያ ታብሌቷ ተንዘፈዘፈ። አነሣችው። *የእራት ሰዓትሽ አልፏል፤ ገና አልበላሽም* ይላል።

ትንግርት አፏ ሙሉ እንደሆነ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

የረድኤትን ገጽ ከፈተች። መስመሩ እየወጣ ነው፤ ብዙ በልታለች ይላል፣ ምትኩም እያንጠባጠበ ነው። ልጅቷ ግን ሁለት ሦስት ቁንጣሪ ብትቀምስ ነው።

«እጅሽን አሳርፊ» አለች ትንግርት። «አሁኑኑ። እትዬ፣ ጭማቂ አለ? ማር? ጣፋጭ ነገር ስጧት።»

ረድኤት የማንጎ ጭማቂውን ስትጠጣ ብርጭቆው ከጥርሷ ጋር ይንቀጫቀጫል። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ትንግርት አጠገቧ ተንበርክካ መስመሩ ወደ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ ጠበቀች፤ ከዚያ የገባትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። አምባሩ የሚያየው እጅ ሲነሣ ነው፤ ምግቡ የማን አፍ እንደገባ አያውቅም። ረድኤት ወንድሟን ባጎረሰች ቁጥር የሱን እራት በሷ ላይ ይቆጥራል፣ ምትኳም ላልበላችው ምግብ ኢንሱሊን ይለቃል።

ኢዮስያስ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«የምትወድቀው በኔ ነው?» አለ ኢዮስያስ።

እውነት ስለሆነና እውነት ለመናገር ጊዜ ስለማትወስድ ትንግርት «አዎ» አለች።

ሌላም ነገር ነገረችው። እሱ ሲበላ እጁ ስለማይነሣ የሱ ምትክ እንዳልበላ ቆጥሮ ዝም እንደሚል፣ ማታ ማታ ስኳሩ ሰማይ የሚነካው በዚህ እንደሆነ፣ ሐኪሟም በከንቱ ውሸታም እንዳለችው አስረዳችው። እሱ ግን ከመጀመሪያዋ ቃል ወዲህ አልሰማትም። ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሥር ተመለሰና መስሚያውን አጠለቀ።

በማግስቱ ምክንያቱን ሲሰሙ ዶክተር አምደብርሃን ደስ አላቸው። መፍትሔውም አጭር ነበር፦ ተጠቃሚው ሰው ሲያጎርስ አምባሩን ያውልቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ይጨመራል፤ የረድኤት ምትክም ለጊዜው ይቆያል። ትንግርት አጭር መፍትሔ ትወዳለች፣ ተስማማች።

ሳምንቱ ሳይወጣ እትዬ ብዙአየሁ ደወሉ። ረድኤት አምባሩን ካወለቀች በኋላ መልሳ ማሠር ትረሳለች፤ ትናንት በትምህርት ቤት ውሃ ስትጋት ውላ ስኳሯ ጣራ ነክቶ ተገኘ። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ኢዮስያስ ለማንም እጅ አፉን አይከፍትም። የእህቱን እጅ እንቢ አለ፣ የእናቱንም እንቢ አለ። ብቻዬን እበላለሁ ብሎ ትኩስ ሽሮ ውስጥ ጣቱን ከትቶ ተቃጥሏል፤ እሱ አልተሰማውም፣ ውሃ ሲቋጥር ያዩት እናቱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሚበላው እያነሰ መጣ። ረድኤትም ከትሪው ጥግ ሆና ታለቅሳለች፣ ቀምሳ ትነሣለች።

ትንግርት ለኃላፊዋ ስትነግራቸው ዶክተር አምደብርሃን መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅቷ መመሪያ ካልተከተለች ምትኩን ማቆየት እንደማይችሉ ነገሯት፤ ሰኞ የተባለው ለሚቀጥለው ሰኞ ተላለፈ። «ሰው እጁን ሰብስቦ ይብላ ማለት ያን ያህል ከባድ ነው?» አሉ።

«እርስዎ እቤትዎ ሰብስበው ነው የሚበሉት?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ምትክን እንደ አዲስ ከማስተማር ሌላ መንገድ አልነበረም። የቤተ ሙከራው መመገቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ትንግርት ከመቀጠሯ በፊት ማን እንደሰቀለው የማይታወቅ ሰሌዳ አለ፦ *በሙከራ ሰዓት መጎራረስ ክልክል ነው።* በየቀኑ ታልፈዋለች፣ አንብባው ግን አታውቅም። አምባሩ መጀመሪያ የሰለጠነው እዚህ ክፍል ነው፤ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው በየሳህናቸው በልተው። ሰሌዳውን የሰቀለው ሰው አገሩን ያውቅ ነበር። ሰዎቹ አንድ ላይ ከተቀመጡ መጎራረሳቸው እንደማይቀር፣ ቁጥሩም እንደሚበላሽበት አውቆ ከለከለ። ምትክ እንዲህ ሆኖ ነው ብቻውን ለሚበላ ሰው የተሠራው።

ሰሌዳውን አወረደችና ሕንፃው ውስጥ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አምባር አስራ ወደ ትሪ ጠራች። ጠዋት ላይ ተፋፍረው ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ዶክተር አምደብርሃን ራሳቸው፣ በበጀት ጉዳይ ተኳርፈው ሰላምታ እንኳ ያቋረጧቸውን የሒሳብ ሹሟን ሲያጎርሱ ታዩ፤ ሹሟም አፍ ሙሉ ጎርሰው ስለ በጀቱ የሚሉትን ማለት አቃታቸው። ክፍሉ ሙሉ ሳቅ ነበር፤ ለትንግርት ግን አልበራላትም። እጅ ከትሪ ይነሣል፣ ወደ አፍ ከፍታ ይወጣል፣ ይመለሳል። ወደ ራስም ይሁን ወደ ሰው መስመሩ ያው ነው። ማሽኑ አልለየም። በማግስቱም አልለየም።

ቅዳሜ ዕለት ሥራዋን ትታ ወደ ዋርካ ሰፈር ሄደች። ለምን እንደምትሄድ በቅጡ አታውቅም፤ አቅጣጫ ነጋሪውን ስትጠይቅ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

ኢዮስያስ ከስቷል። ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። እናቱና እህቱ ሊያነጋግሩት ፈርተው ጓዳ ናቸው፣ ትሪው እንደቀረበ ቀዝቅዟል። ትንግርት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነገሩን አሳጥራ እንደተናገረች፣ ግማሹ እውነት እንዳልደረሰው ነገረችው። ደርሶኛል አላት። ሐኪሟ ይቅርታ እንደጠየቀችውም ነገራት፤ ደስ ብሎት ነበር። «ግን ዓይኔን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ መርፌ እየዘለልኩ። ያ የኔ ነው፣ ችዬዋለሁ። የሷ አካል በኔ አፍ ምክንያት ይጥፋ? እሱን አልችልም። መሣሪያሽ ይስተካከልና እበላለሁ።»

«እስኪስተካከል ትሞታለህ።»

«አንቺም ነገር ስታቆላምጪ።»

ትንግርት ከትሪው ቆርሳ፣ ወጡን አስነክታ ጠቅልላ ወደ አፉ ወሰደችው። አጉርሳ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ እጇ ገግሟል። ኢዮስያስ ምግቡ ከንፈሩ ፊት እንደደረሰ ሽታው ነገረው። አፉን አልከፈተም።

«ትተይዋለሽ» አለ በጥርሶቹ መሐል።

«አልተውም።»

ቤቱ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ክንዷ መዛል ጀመረ። አውቶብስ እንኳ ጠብቃ የማታውቀው ትንግርት ለአንድ ሰው አፍ እጇን አንጠልጥላ ተቀመጠች። ሊከፍት ነው ስትል ይተወዋል። በመጨረሻ ክንዷ ተንቀጥቅጦ ወረደ፣ የጠቀለለችውም ትሪው ላይ ተበተነ።

«ስታስተካክዪው ነይ» አላት በለስላሳ ድምፅ። «ያን ጊዜ አላስጠብቅሽም።»

ታብሌቷ ተንዘፈዘፈ። *ስህተት፤ ያልታወቀ እንቅስቃሴ* ይላል። ልትዘጋው ስትል እጇ ቆመ። አምባሩ አልቆጠረውም። ያን ሁሉ ቀን በላች፣ በላ እያለ ሲቆጥር የኖረው አምባር ይህን አልቆጠረም። መስመሩን ከፈተችው። ይወጣል፤ ከዚያ እንደ ሜዳ ለጥ ብሎ ረጅም መንገድ ይሄዳል። እዚያ ጋ ነው የጠበቀችው።

ምንም ሳትል ተነሥታ ወጣች። «ከዚህስ ሳልጨርስ ብትዘጊኝ ይሻላል» ሲል ከኋላዋ ሰማችው።

ቤተ ሙከራ ደርሳ የትሪውን ቀን መስመሮች አወጣች፤ እንዲለሰልሱ ከመደረጋቸው በፊት የነበሩትን። ማሽኑ ጥቃቅኑን ነገር የእጅ መንቀጥቀጥ ነው ብሎ ይሰርዘው ነበር። እሷ የተሰረዘውን መልሳ ያንን ሜዳ ፈለገች። አለ። ዶክተር አምደብርሃን የሒሳብ ሹሟን ሲያጎርሱ አለ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ዘበኛውን ስታጎርስ አለ። እጅ ወደ ራስ አፍ ሲሄድ አይቆምም፤ አፍ ቀድሞ ያውቃል፣ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ግን ከመድረሱ በፊት ለዓይን እንኳ የማይታይ ቆም ይላል። ያኛው እስኪከፍት ይጠብቃል። በሁሉም አለ። በተኳረፉትም አለ።

ለምትክ ይህንኑ አስተማረችው። የሚጠብቅ እጅ ሲያይ ለባለቤቱ እንዳይቆጥር፤ የሚጎርሰው ሰውም አምባር ካለው፣ ያጉራሹ አምባር ለጎራሹ እንዲነግረው። ከዚያ በመላ ከተማዋ አምባር ባሠሩ ልጆች የቆየ መስመር ላይ አስሮጠችው። *ምክንያቱ አልታወቀም* ተብለው የተዘጉ መውደቆች፣ *ታካሚው ይዋሻል* ተብለው የተዘጉ መናሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። እናቱን የሚያጎርስ ልጅ ነበር፤ የጠረጴዛ ጓደኛዋን የምታጎርስ ልጅ ነበረች። ልጆቹ አልዋሹም ነበር። ስትጨርስ የራሷንም አስሮጠችው። ከተቀጠረች ጀምሮ ከተመዘገበው ሁሉ ማሽኑ የሚጠብቅ እጅ ያገኘው በሙከራው ትሪ ላይና አንዴ እዚያ ቤት ነው፤ የኋለኛው ላይ አሁንም *ስህተት* የሚል ተጽፎበታል። ልትሰርዘው አሰበች። ተወችው።

ሰኞ የረድኤት ምትክ አልወጣም። ያን ዕለት እራት ላይ ትንግርት ሁለቱም አምባሮች ሲቆጥሩ ድምፅ እንዲያሰሙ አድርጋ፣ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትሪው አጠገብ ተቀመጠች። ረድኤት ጠቀለለች። እጇ ወደ ወንድሟ ሄዶ ከአፉ ፊት ቆመ። ኢዮስያስ ከንፈሩን ገጥሞ ጆሮውን ሰጠ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከራሱ አንጓ ላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ ተሰማች፤ *ጠቅ።*

«የኔው ነው የጮኸው?»

«ያንተው ነው» አለች ትንግርት። «በሷ አልተቆጠረም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እጄ ዛለኮ ጋሽዬ» አለች ረድኤት።

አፉን ከፈተ።

እየጎረሰ ሳለ እንባ ይሁን ቃሪያ ያልታወቀ ነገር በመነጽሩ ሥር ወረደ። ማንም አልጠየቀውም። *ጠቅ፣ ጠቅ* ይላል አንጓው። ረድኤት ለራሷ ስትበላ ደግሞ የሷው ድምፅ ያሰማል፤ ሁለቱ እየተቀባበሉ ትሪው መሐል ላይ ይጫወታሉ። የትንግርት ዓይን ከሁለቱ መስመሮች አልተነቀለም፤ አንዱም አላሽቆለቆለም፣ አንዱም ሰማይ አልነካም። ይህንን መመዝገብ አለባት፣ ያኛውን ማረም አለባት፣ ለዶክተሩ አሁኑኑ መላክ አለባት።

«ልጄ።»

«አንዴ እትዬ፣ ይቺን ልጨርስ።»

ጨረሰች። ሌላ ጀመረች። ቀና ስትል የእትዬ ብዙአየሁ እጅ አሁንም አፏ ፊት ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አታውቅም፣ ወጡ በጣታቸው ቁልቁል ተንጠባጥቦ ቀሚሳቸው ላይ ደርሷል። እትዬ ብዙአየሁ አምባር የላቸውም። ያ እጅ በዚህ ቤት ለስንት ዓመት ለስንት አፍ እንዲህ ቆሞ እንደጠበቀ የቆጠረ መሣሪያ የለም፣ ወደፊትም አይኖርም።

ትንግርት ታብሌቱን ፊቱን ደፍታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና አፏን ከፈተች።